ምዕራፍ ስድስት፦ ለአድማጩም አድማጭ

ካርል ሮጀርስ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የሥነ ልቦና ዓለም ስሙ የገነነ ሰው ነበር (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1942 ያሳተመው መጽሐፍ የምክር አገልግሎትን አካሄድ ቀይሯል። በ1947 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምክር ማዕከል አቋቁሞ ወጣት ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የትምህርቱ እምብርት አንድ ነገር ነው፦ ታካሚው ምንም ይናገር ምን፣ ቴራፒስቱ ሳይፈርድበትና ቅድመ ሁኔታ ሳያስቀምጥ ሊቀበለው ይገባል።

በዚያው ዘመን አንዲት ሕመሟ የከበደ ሴት እሱ ዘንድ ትታከም ነበር። ቀድሞ ኦሃዮ ሲያስተምር ያውቃታል፤ ወደ ቺካጎ ስትመጣ ሕክምናዋን ቀጠለች። ሮጀርስ ቆየት ብሎ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ እንዳስረዳው፣ ከእሷ ጋር የነበረው ግንኙነት እያደር ልኩን ሳተ። አንድ ሰሞን ቀረብ ብሎ ሞቅ ባለ ስሜት ያናግራታል፤ የሕመሟ ጥልቀት ሲያስፈራው ደግሞ ባለሙያነቱን ከለላ አድርጎ ይርቃታል። እሷም አንዴ ትቆጣለች፣ አንዴ ትጠጋዋለች። የእሷ ስሜት የት አብቅቶ የእሱ የት እንደሚጀምር መለየት አቃተው። ሕክምናው እንደማይጠቅማት እየታወቀውም «መርዳት አለብኝ» ከሚለው ሐሳብ መላቀቅ አልቻለም። በመጨረሻ አእምሮውን ሊስት እንደተቃረበ ሲሰማው ታካሚዋን ለአንድ ወጣት የአእምሮ ሐኪም አስረክቦ፣ ብዙም ሳይቆይ ከባለቤቱ ከሄለን ጋር መኪናቸው ውስጥ ገብተው ከተማውን ለቀው ሄዱ። ሁለት ሦስት ወር አልተመለሱም።

ለእኔ ከሽሽቱ ይልቅ ትልቁ ነገር ከተመለሰ በኋላ የሆነው ነው። ሮጀርስ ቢሮው ገብቶ መሥራት ይችል ነበር፤ ግን ቴራፒስት ሆኖ ዳግመኛ የሚቀጥል አልመሰለውም። እንደ ሰውም ዋጋ ያለው መሆኑን ተጠራጠረ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን «እንዳለህ ተቀባይነት አለህ» ወደሚል መንፈስ የመራ ሰው፣ ያንን ቃል ለራሱ ሲሆን ማመን ተሳነው። ያን ጊዜ ከባልደረቦቹ አንዱ፣ በዕድሜም በማዕረግም የሚያንሰው ሰው፣ ጠጋ ብሎ በጭንቀት ውስጥ እንዳለ እንደሚያይ ነገረውና ሊረዳው ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸለት። ሮጀርስ እሺ አለ። እሱ ራሱ ባሠለጠነበት ቤት፣ እሱ ራሱ ባስተማረው መንገድ፣ እንደ ታካሚ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ራሱን መውደድ፣ ፍቅርንም ሳይፈራ መቀበል እንደጀመረ፣ ከታካሚዎቹ ጋር የሚሠራው ሥራም ነፃ እየሆነ እንደመጣ ጽፏል። «ደንበኛ ተኮር ቴራፒ» የሚለው ዋና መጽሐፉ የወጣው በ1951፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሮጀርስ ዕውቀት አልጎደለውም። ስለ መቀበል በዚያ ዘመን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም በንባብ የሚገኝ አይደለም። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለዚያ ነው፦ የሰውን ጭንቀት የሚያደምጥ ባለሙያ ለምን እሱም የሚደመጥበት ቦታ እንደሚያስፈልገው፣ ይህም ስለታመመ ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጠባይ የሚመጣ ግዴታ መሆኑን።

ነገሩ ከሮጀርስ በፊት ረጅም ታሪክ አለው። ሲግመንድ ፍሮይድ አባቱ በ1896 ከሞቱ በኋላ በተለይም በ1897 ሕልሞቹንና የልጅነት ትዝታዎቹን እየመረመረ ራሱን በራሱ ለማከም ሞከረ። በዚያው ዓመት ለወዳጁ ለቪልሄልም ፍሊስ በጻፈው ደብዳቤ ግን እውነተኛ ራስን መተንተን እንደማይቻል፣ ቢቻልማ የአእምሮ ሕመም የሚባል ነገር እንደማይኖር አመነ። ሰው ከራሱ የሚሸሽገውን ነገር የሚሸሽገው ያው ራሱ ስለሆነ፣ ፈላጊውና ደባቂው አንድ ሰው ናቸው። ሙከራውን ባይተወውም ገደቡን በጊዜ አይቶታል።

ከዚያ የዙሪኩ ታሪክ መጣ። በ1904 ሳቢና ሽፒልራይን የተባለች የሮስቶቭ ተወላጅ፣ የ18 ዓመት ወጣት፣ ቡርግሆልትስሊ በተባለው የዙሪክ የአእምሮ ሆስፒታል ገባች። ያከማት ካርል ጉስታቭ ዩንግ ነበር። ተሻላት፤ ሕክምናም ማጥናት ጀመረች። በዩንግና በእሷ መካከል የነበረው ግንኙነት ግን በሐኪምና በታካሚ መካከል ሊኖር ከሚገባው ድንበር አለፈ፤ ዩንግ ደግሞ ባለትዳር ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ ሁለቱም ለፍሮይድ ጻፉ። ፍሮይድ በ1909 ለዩንግ በመለሰው ደብዳቤ «ካውንተርትራንስፈረንስ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀመበት፤ ታካሚው በሐኪሙ ልብ ውስጥ የሚቀሰቅሰውን፣ ሐኪሙም ምንጩን ሳያውቅ የሚነዳበትን ስሜት ማለቱ ነው። ሽፒልራይን ራሷ ሐኪምና ሳይኮአናሊስት ሆነች፤ በ1942 ናዚዎች በሮስቶቭ ገደሏት። ብዙ ጊዜ የዩንግ ታሪክ ማስጌጫ ሆና ትነሳለች። እኔ ግን የማነሳት ዋጋውን የከፈለችው እሷ ስለሆነች ነው። ቴራፒስት ስሜቱን ሳይመረምር ሲቀር ሂሳቡ የሚመጣው ለታካሚው ነው።

ፍሮይድ በ1910 ኑረምበርግ ላይ በተደረገው ጉባኤ ማንም ተንታኝ (ሳይኮአናሊስት) የራሱ ያልተፈታ ነገር ከሚፈቅድለት ርቀት በላይ ታካሚውን ሊወስድ እንደማይችል ተናገረ። መድኃኒቱ ያኔ ገና ራስን በራስ መመርመር ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ሌላውን ለመተንተን የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ባለሙያ ይተንተን የሚለውን ሐሳብ ደገፈ፤ ምስጋናውንም ለዙሪክ ተንታኞች ሰጠ። ሐሳቡ ሥርዓት የሆነው በርሊን ላይ ነው። ማክስ አይቲንጎንና ካርል አብርሃም በ1920 በከፈቱት ክሊኒክና ማሠልጠኛ ሥልጠናው ሦስት እግር ነበረው፦ ንድፈ ሐሳብ፣ በሱፐርቪዥን (በአንጋፋ ባለሙያ ክትትል) የሚደረግ ሕክምና፣ እና የሠልጣኙ የራሱ ሕክምና። ለዚህ ሦስተኛው ሥራ ሃንስ ዛክስ ተጠርቶ መጣ። ይህ ሰው ዋና ተግባሩ የወደፊት ሐኪሞችን ማከም ነበር። ዛሬም በብዙ የሳይኮአናሊሲስ ተቋማት የሚሠራበት ሥርዓት በመሠረቱ ያው ነው።

ፍሮይድ በ1937፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ አንድ ነገር ጨመረ። የአንድ ጊዜ ሕክምና አይበቃም፤ ተንታኙ በየአምስት ዓመቱ ገደማ፣ ሳያፍር፣ እንደገና ወደ ታካሚነት ይመለስ አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳ በራጅ ጨረር የሚሠሩ ሰዎች የሚደርስባቸውን ጉዳት አነሳ፦ ቀኑን ሙሉ ሌሎች አፍነው የያዙትን ስሜት ሲያስተናግድ የሚውል ሰው የራሱም ይነካካል። «ሳያፍር» የሚለውን ማከሉ ያን ጊዜም ኀፍረቱ እንደነበረ ያሳያል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ትልልቅ ቀውሶች ነው። አብዛኛው ጉዳት ግን እንዲህ ጎልቶ አይታይም። አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ፤ ነገሩን ለማሳየት ያቀናበርኩት ነው እንጂ የማንም ገመና አይደለም።

አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት ቴራፒስት አለች እንበል። አባቷ ያረፉት እሷ ዩኒቨርሲቲ ለመጨረሻ ፈተና ስትዘጋጅ ነው። ቤተሰቡ «ትምህርቷ እንዳይበላሽ» ብሎ መርዶውን ያዘባት። የሰማችው ቀብሩም ሰልስቱም ካለፈ በኋላ ነው። ቤት ስትደርስ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ጎረቤቱም ወደየሥራው ተመልሷል። ጥቂት አለቀሰች፣ ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ የአርባ ዓመት ሰው ፊቷ ተቀምጧል። «ዶክተር፣ እናቴን በቀበርኩ በአራተኛው ቀን ቢሮ ገባሁ» ይላታል። «ሰው ሁሉ በርታ አለኝ፤ በረታሁ። አሁን ግን...» ብሎ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ይተክላል።

«እንቅልፍዎስ እንዴት ነው?» ትለዋለች። «ባለፈው ያሳየሁዎትን የአተነፋፈስ ልምምድ ቀጠሉበት?»

ሰውየው ቀና ይላል። «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። የቀረው ሰዓት በእንቅልፍና በአተነፋፈስ ወሬ ያልቃል።

በዚህ ውይይት ማንም የሙያ ስሕተት አያገኝም። ስለ እንቅልፍ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ልምምዱም ጥሩ ልምምድ ነው። መዝገቡን የሚያይ አለቃ ፊርማውን አኑሮ ያልፋል። ሰውየው ግን አንድ ነገር ተምሮ ወጣ፦ እዚህም የሚባለው «በርታ» ነው። እሷ ደግሞ ምን እንዳደረገች አታውቅም። ጉሮሮዋን የሆነ ነገር ያዝ ሲያደርጋት ጥያቄው በራሱ ጊዜ ከአፏ ወጣ። የተከላከለችው ለታካሚዋ አልነበረም፤ ለዚያች መርዶ ዘግይቶ ለደረሳት ልጅ ነው።

ይህች ሴት የራሷን ሕክምና አግኝታ ቢሆን አባቷን አትረሳም፤ ሐዘኑም አይጠፋም። ልዩነቱ ያን የጉሮሮ መያዝ ማወቋ ነው። አንድ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ባዶው ግቢ፣ እሷን ሳይነግሩ ስላለቀሱት ወንድሞቿ ለወራት አብሯት ስለተነጋገረበት፣ ስሜቱ ሲመጣ «ይሄ የእኔ ነው» ትለዋለች። ከዚያ ጥያቄ አትወረውርም። ዝም ትላለች። ግማሽ ደቂቃ ቆይታም «አሁን ግን...?» ትለዋለች።

የተገላቢጦሹም አለ። ያልተለቀሰ ሐዘን ሁልጊዜ አያሸሽም፤ አንዳንዴ ያጣብቃል። ያቺው ቴራፒስት ከሰውየው እኩል አልቅሳ፣ የራሷን ታሪክ ነግራው፣ ተራ ባልሆነ ሰዓት እየደወለች ልትከታተለው ትችል ነበር። ሰው ሲያየው ደግነት ይመስላል። ታካሚው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠነቀቀው ለእሷ ስሜት ነው። ሮጀርስ የወደቀበት ገደል ይኸኛው ይመስለኛል።

በ1949 ዙሪክ ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ፓውላ ሃይማን የተባለች ተንታኝ ነገሩን ከሌላ በኩል አየችው። እስከዚያ ድረስ የቴራፒስቱ ስሜት መወገድ ያለበት እንከን ተደርጎ ይታይ ነበር። ሃይማን ግን ይህ ስሜት ታካሚውን ለመረዳት ከዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ሊሆን ይችላል አለች። ታካሚው ሲናገር ቴራፒስቱ ድንገት መሰልቸት፣ መናደድ ወይም መፍራት ቢሰማው፣ ያ ስሜት ታካሚው በቃል ሊናገረው ያልቻለው ነገር ሊሆን ይችላል። ዶናልድ ዊኒኮትም በዚያው ዓመት ባወጣው ጽሑፍ ቴራፒስት ታካሚውን ሊጠላ እንደሚችል በግልጽ ጻፈ፤ አደጋው ጥላቻውን አለማወቁ ላይ እንደሆነም አስረዳ። ይህን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ዊኒኮት ራሱ በጄምስ ስትሬቺ ዘንድ አሥር ዓመት፣ ቀጥሎም በጆአን ሪቪዬር ዘንድ የታከመ ሰው ነበር፤ ድፍረቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም።

የሃይማን ሐሳብ የሚሠራው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማኝ ቁጣ ከታካሚዬ የመጣ መልእክት ነው ለማለት፣ የራሴ ቁጣ ምን እንደሚመስል አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ። አለዚያ የራሴን ጉድ ለታካሚው ምርመራ አድርጌ እጽፍለታለሁ።

ሌላም ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር አለ፤ እሱም የታካሚው ወንበር ራሱ። ስልኩን አንስቶ ቀጠሮ መያዝ ምን ያህል እንደሚከብድ። እንግዳ ተቀባይዋ «ለምን ጉዳይ ነው?» ስትል የሚባለው ነገር እንደሚጠፋ። የሚነገረውን ከመናገር በፊት ሦስት ጊዜ መከለስ፣ ከተናገሩ በኋላ ደግሞ ማታ አልጋ ላይ «ስለ እኔ ምን አስባ ይሆን?» እያሉ መገላበጥ። ቴራፒስቷ ሰዓቷን ስታይ የሚወጋው ነገር። ለእረፍት ስትሄድ የሚመጣው፣ ለማመን የሚያሳፍር፣ የልጅ ቅሬታ። ክፍያው። ጎበዝ ታካሚ ለመባል የሚደረገው ጥረት። ይህን ሁሉ ያለፈ ባለሙያ፣ ታካሚው አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ሲገባ ወይም ዋናውን ነገር ሊወጣ በር ላይ ቆሞ ሲናገር፣ ወዲያውኑ «እምቢተኝነት» ብሎ አይፈርጅም።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም በ2002 ለወጣት ቴራፒስቶች ባሳተመው የምክር መጽሐፍ ስለ ራሱ ሕክምና ሳይሸሽግ ይናገራል። በስፔሻሊቲ ሥልጠናው ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ በጠቅላላው 750 ሰዓት፣ ጥብቅ የፍሮይድ ዓይነት ሕክምና ወስዷል። ኋላም ለንደን ውስጥ ቻርልስ ራይክሮፍት ዘንድ አንድ ዓመት፣ ሮሎ ሜይ ዘንድ ሦስት ዓመት፣ በሌሎች ዘንድም እንዲሁ። የወሰደው ሕክምና ዓይነቱ የተለያየ መሆኑን ልብ ይሏል። በሕይወቱ የተለያየ ወቅት የተለያየ ነገር ሲያስጨንቀው ወደ ተለያየ ሰው ሄደ፤ ከእያንዳንዱም ዘዴ የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን ከታካሚው ወንበር ላይ ሆኖ ለየ።

እዚህ ላይ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቴራፒስቱ ራሱ ቴራፒ ካስፈለገው እኔን እንዴት ሊረዳኝ ይችላል? ጥያቄው የዋህ አይደለም፤ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ፣ ባለሙያው ሰው ነው፤ ይህን ቁጥሮቹ ይናገራሉ። ኬኔት ፖፕና ባርባራ ታባክኒክ በ1994 ባሳተሙት ጥናት ወደ 500 የሚጠጉ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች መልስ ሰጡ። 61 በመቶው በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ድባቴ እንደያዛቸው፣ 29 በመቶው ራስን የማጥፋት ስሜት ተሰምቷቸው እንደሚያውቅ ገለጹ። 84 በመቶው ደግሞ በቴራፒ አልፈዋል። ኬይ ሬድፊልድ ጃሚሰን በባይፖላር ሕመም ላይ ዋናውን የትምህርት መጽሐፍ ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዷ ናት። በ1995 ሕመሙ የራሷም መሆኑን በይፋ ጻፈች፤ በሕይወት ያቆያት ሊቲየም የተባለው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ሳይኮቴራፒም እንደሆነ መሰከረች። ድስቷ ያረረው በሌላው ድስት ላይ ስላፈጠጠች አይደለም። ማረሩን አይታ ከእሳት ስላወረደችው ነው ሌላውን መርዳት የቻለችው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ራሱ ያዝላል። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ያመለጠ፣ ኒው ዮርክ ያደገ ሳይኮሎጂስት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቀን በግል ክሊኒኩ ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ደግሞ በአደንዛዥ ዕፅ የተጠመዱ ወጣቶች በነፃ የሚታከሙበት ክሊኒክ ሄዶ እስከ ሌሊት ይቆያል። ቤተሰቡን ለእረፍት ሊወስድ ባቀደበት ቀን ከአልጋው መነሣት አቃተው። ጉዞው ቀረ። ለቀናት ከተኛ በኋላ ቴፕ አምጥቶ ስለራሱ ተናገረና ቀረጸ፤ ከዚያም ቴፑን መልሶ እንደ ታካሚ ድምፅ አዳመጠው። በድምፁ ውስጥ የሰማው ድካምና ቁጣ እሱንም አስደነገጠው። ዛሬ ዓለም ሁሉ «በርንአውት» የሚለውን የሥራ ዝለት በጥናት መልክ ያስተዋወቀው በ1974 ባወጣው ጽሑፍ ነው። ይህ ሰው በቀን አሥር ሰዓት የሰውን ድካም ከድምፅ የሚለይ ባለሙያ ነበር። የራሱን ለመስማት ግን ድምፁ ከውጭ መምጣት ነበረበት።

በ1990 ሊሳ ማካንና ሎሪ አን ፐርልማን ሌላ ጉዳት ለይተው ገለጹ። በተደጋጋሚ የአመፅና የመደፈር ታሪክ የሚያዳምጥ ባለሙያ፣ እሱ ራሱ ምንም ሳይደርስበት፣ ዓለምን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። ልጁን ከጎረቤት ቤት ማሳደር ይፈራል። መንገድ ላይ ከኋላው የእግር ኮቴ ሲሰማ ይደነግጣል። ሰውን ማመን ይቀንሳል። ነገሩ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለሙያው የሚለው «በሰልኩ፣ የሰውን ጠባይ አወቅሁ» ነው። ለውጡን የሚያየው ከውጭ የሚያደምጠው ሰው ነው።

ሱፐርቪዥን አይበቃም ወይ? ሱፐርቪዥን ስለ ታካሚው ነው፤ ባለሙያው ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ይመከርበታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ምዘና የሚሞላ፣ ለዕድገት ወይም ለፈቃድ የሚፈርም ሰው ነው። ለሚፈርምልኝ ሰው «ያቺን ታካሚ ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ» ብዬ እስከ መጨረሻው አልናገርም። ለወዳጅም፣ ለትዳር አጋርም እንዳይነገር የታካሚው ምስጢር ይከለክላል። ያለው አንድ ቦታ ነው።

ስለ ጥቅሙ ሲወራ ከእውነቱ በላይ መናገር አልወድም። የራሱን ቴራፒ የወሰደ ባለሙያ ታካሚዎቹ በፍጥነት ይድናሉ የሚለውን ጥናቶች በማያሻማ መንገድ አላረጋገጡም፤ ለመለካትም አስቸጋሪ ነው። ባለሙያዎች ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ እንደጠቀማቸው ይናገራሉ። ሁሉም አይደሉም። በፖፕና ታባክኒክ ጥናት ከታከሙት 22 በመቶው የጎዳቸው ነገር እንደነበረም ገልጸዋል። እኔን ከሁሉ የነካኝ ሌላ ቁጥር ነው፦ 20 በመቶው ለቴራፒስታቸው ዋናውን ነገር ደብቀዋል። ምስጢር ማውጣት ሙያቸው የሆነ ሰዎች፣ ክፍሉን የሚያውቁት ሰዎች፣ አልቻሉም። ይህን ከራሱ ሕይወት የሚያውቅ ባለሙያ ታካሚው ሲደብቀው የሚከፋ አይመስለኝም።

አገሮች በዚህ ይለያያሉ። ጀርመን በ1999 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ሥር የሳይኮቴራፒ ሠልጣኝ ቢያንስ 120 ሰዓት ራሱን እንዲመረምር ደንግጋ ነበር። በብሪታንያ የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሠልጣኞች 40 ሰዓት የግል ቴራፒ ሲጠየቁ ኖረዋል። በአሜሪካ የሥራ ፈቃዱ ይህን አይጠይቅም፤ ሆኖም ከላይ እንዳየነው አብዛኞቹ በፈቃዳቸው ይሄዳሉ። የግዴታው ነገር ያከራክራል። ሰዓት ለመሙላት የተቀመጠ ሰው ብዙ ላያተርፍ ይችላል። ግን እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ግዴታውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ግዴታ ሲሆን ማንም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ወደ እኛ ስንመጣ ሐሳቡ ባዕድ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመቶ ቤተሰብ ምስጢር የሚሸከም ካህን ራሱ የንስሐ አባት አለው። ማንም ካህን ራሱን በራሱ አይናዝዝም። ምእመኑም የንስሐ አባቱ ወደ ሌላ አባት መሄዱን ሲሰማ እምነቱን አያጎድልበትም፤ ይልቁንም ሥርዓቱን የጠበቀ አባት ይለዋል። ይህን ለካህን የፈቀደ ልብ ለቴራፒስት የሚነፍግበት ምክንያት የለም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ2003፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው፤ ከዚያ በፊት የአእምሮ ሐኪም ለመሆን ውጭ መሄድ ግድ ነበር። የባለሙያው ቁጥር ትንሽ ነው። ትንሽ ስለሆነም ሁሉም ይተዋወቃል፦ አንዱ የሌላው አስተማሪ ነበር፣ አንዷ ከሌላዋ ጋር አንድ ክፍል ተምራለች፣ ነገ ደግሞ አንድ ስብሰባ ላይ ይገናኛሉ። ታዲያ ቴራፒስቷ ወደ ማን ትሂድ? ዋሽንግተን አካባቢ በአማርኛ የምትሠራ ካውንስለርም፣ እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤልን የሚያገለግል ማኅበራዊ ሠራተኛም ከዚህ አያመልጡም። ታካሚያቸውን ሰርግ ላይ ያገኙታል፤ ቴራፒስት ቢፈልጉም የሚያገኙት ምናልባት የዘመዳቸውን ጎረቤት ነው።

ሸክሙም አብሮ ከፍ ይላል። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት የተጎዱ ሰዎችን ከሚያዳምጡ ባለሙያዎች ውስጥ ራሳቸው ከዚያው አካባቢ የሆኑ፣ ለወራት የቤተሰባቸውን ድምፅ መስማት ያቃታቸው አሉ። ጠዋት የሰማችው ታሪክ የእናቷን ከተማ ስም ሲይዝ፣ አንዲት ካውንስለር ከሰዓት በኋላ ለሚመጣው ሰው ምን ያህል ልብ ይተርፋታል? ይህን ለራሷ ጽናት ብቻ መተው ግፍ ነው።

መውጫ መንገዶች አሉ፤ ፍጹም ባይሆኑም። በቪዲዮ የሚሰጥ ሕክምና መለመዱ ብዙ ረድቷል። አዲስ አበባ ያለች ባለሙያ ናይሮቢ ወይም ሌላ አገር ካለ፣ ከእሷ የሙያ ክበብ ጋር ምንም ከማያገናኘው ሰው ጋር መሥራት ትችላለች፤ ለቅሶና መርዶ ምን እንደሆኑ የምታስረዳበት ጊዜ ይጨምራል እንጂ። ከተማ ለከተማ የሚቀያየሩም አሉ፦ የሐዋሳው ከመቀሌው ወይም ከጎንደሩ ጋር፣ አንዱ ለሌላው ሱፐርቫይዘርም አለቃም ላይሆን ቃል ተገባብተው። ክፍያውን ለሠልጣኝ ቀንሰው የሚሠሩ አንጋፋዎች ቢበዙ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ተቋማት ከሁሉ በፊት ማድረግ የሚችሉት ቀላል ነገር ግን ሰዓቱን መፍቀድ ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ያለ ጥያቄና ያለ ማብራሪያ ደብዳቤ።

ይህን ምዕራፍ የሚያነቡት አብዛኞቹ ቴራፒስቶች እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ቴራፒስት የሚፈልጉ ከሆነ አንድ ነገር መጠየቅ ይችላሉ። በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ስለ ክፍያና ስለ ምስጢር አጠባበቅ ከተነጋገራችሁ በኋላ፣ «እርስዎስ በዚህ ወንበር ተቀምጠው ያውቃሉ?» ይበሉ። ዝርዝሩን የመስማት መብት የለዎትም፤ ጥሩ ባለሙያም አይነግርዎትም። «አዎ» ካለዎት በቂ ነው። «አይ፣ ግን አስቤበት አውቃለሁ» ማለትም መጥፎ መልስ አይደለም። ጥያቄው ሲያስቆጣው ካዩ ግን፣ ቁጣው ከየት እንደመጣ ማወቅ የእርስዎ ሥራ አይደለምና ሌላ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ሌላ ባለሙያም ያነጋግሩ።